የተቃጠለ ጥጥ

«ሃያ ስምንት ላይ ነው፣ አልነካሁትም። ግን እስከ መቼ ነው፣ ራዶ? ሴትዮዋ እኮ ዛሬ ስድስተኛ ሽቦዋን ልትገዛ ነው የምትመጣው።»

ዛጎርካ የሱቁን በር ገፍታ አንድ እግሯን አስገብታ ነበር። ድምፁ የአበልጇ የቪቶሚር ነው። ራዶ የተባለው ባሏ ራዶሳቭ ነው። ሴትዮዋ እንግዲህ እሷው ራሷ ናት። የበሩን ደወል ቪቶሚር ራሴን በጠበጠኝ ብሎ ካለፈው በጋ ጀምሮ በጨርቅ ጠቅልሎታልና መግባቷን ማንም አልሰማም። ሰውዬው ከመደርደሪያው ጀርባ እጁን እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ ነክሮ የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ የቬፕ ማለት ነው፣ ብልቃጦች ያጥባል፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ከመታጠቢያው ጠርዝ አስደግፎታል። ከስልኩ ውስጥ ቢላ ከእንጨት መክተፊያ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። ራዶሳቭ ለዛሬው ዝክር ሥጋ እየከተፈ ነው፤ በእሷ ወጥ ቤት፣ በእሷ መክተፊያ፣ ጠዋት በሞረደችለት ቢላ።

«እስኪያንገሸግሻት ነዋ!» አለ ራዶሳቭ። «እኔ በአንድ ቀን አልተውኩም? ጠዋት ተነስቼ ፓኮውን መስኮት ላይ ወረወርኩ፣ አለቀ። ከሲጋራ ወደ ጡጦ መዞር ደግሞ መተው ይባላል እንዴ? ቆይ፣ ዝክሩ ይለፍ፣ ራሷ አውጥታ ትጥለዋለች።»

«አፈርኩ እኮ፣ በእግዜር። አሳሳብሽ ነው፣ አሳሳብሽ ነው እያልኩ ስንት ቀን ልዋሻት?»

«አንተ ደግሞ! ሽቦውን እየቸበቸብክ ምን ያሳፍርሃል?»

ቪቶሚር ሳቀ። ባሏም ሳቀ። መጀመሪያ የሳቀው ቪቶሚር መሆኑን ዛጎርካ ልብ አለች፤ ለምን ልብ እንዳለችው አታውቅም። እግሯን ቀስ አድርጋ አወጣች፤ በሩንም ሌባ እንደሚዘጋው አድርጋ ዘጋች። ውጭ የሌስኮቫች ከተማ በምድጃ ጭስና በጉም ታፍኗል፤ የኅዳር ሚካኤል ጠዋት ነው፤ ሰው ሁሉ ወይ ሊያከብር ወይ ሊጋበዝ በየአቅጣጫው ይሮጣል። እሷ ብቻ መሄጃ እንዳጣ ሰው ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

አርባ ሰባት ቀን ሆኗታል ሲጋራ ከነካች። አርባ አንድ ዓመት ያጨሰች ሴት ናት፤ ባለፈው መስከረም የቀኝ እግሯ ደም ሥር ተዘግቶ ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሟ ወረቀቷን እያገላበጠች «ከእንግዲህ እያንዳንዷን ሲጋራ ሲያነሱ የእግር ጣትዎን እንዳስቆረጡ ይቁጠሩት፤ መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት» አለቻት። ዛጎርካ ያን ዕለት ፈራች። ያለ ምንም ምትክ ለመተው ሞክራ አራት ቀን አልቅሳ፣ ሳህን ሰብራ፣ በአምስተኛው ቀን ወደ አበልጇ ሱቅ ሄደች። ቪቶሚር በሠርጋቸው ቀን ዘውዱን በራሳቸው ላይ ሲጭኑ ከጎን የቆመ፣ ልጃቸውን ኔቬናን ከክርስትና ያነሳ ሰው ነው። የኮክ ጣዕም ያለው ፈሳሽ መረጠላት፣ ቬፑን አዘጋጀላት፣ ቁልፎቹን ቆለፈና «በስህተት እንዳትነኪው፣ አበልጄ፤ ሁሉንም ለእኔ ተይው» አላት። የቬፑ ትንሽ መስኮት ላይ ሃያ ስምንት የሚል ቁጥር ይበራል። ዛጎርካ እንደ ጫማ ቁጥር ነበር የቆጠረችው፤ ባለሙያው ለካ፣ ሰጠ፣ በቃ።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጉሮሮዋን እንደ እሳት ይልሳት ጀመር። ይኼ ነው እንግዲህ ዛሬ ግድግዳ ተደግፋ ስታስበው ፊቷን ያቀላው። ዛጎርካ እኮ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ካውያ ላይ የቆመች ሴት ናት! ሱፍ ሊቃጠል ሲል እንዴት እንደሚሸት፣ ሐር እንዴት እንደሚሸት፣ ጥጥ እንዴት እንደሚሸት ከክፍሉ ሌላኛው ጥግ ሆና ትለይ ነበር፤ አለቃዋ «የዛጎርካ አፍንጫ ካለ ማስጠንቀቂያ ደወል አያስፈልገንም» ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ለባሏ «ራዶ፣ ይሄ ነገር ጥጥ ጥጥ ይሸተኛል፤ የተቃጠለ ጥጥ» አለችው። «የአርባ ዓመት ጭስ የገደለው አፍንጫ ምን ያሸታል ብለሽ ነው?» አላት። አበልጇ ጋ ሄደች። «አሳሳብሽ ነው፣ እንደ ውኃ ፓምፕ ትጎትቺዋለሽ» አላት። አመነቻቸው! ከገዛ አፍንጫዋ እነሱን አመነች። ስድስት ሳምንት ሙሉ መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ አሳሳብ ስትለማመድ፣ ቀስ ስትል፣ ፈጠን ስትል፣ ስታስል፣ ምን ዓይነት ደነዝ ብሆን ነው እያለች ራሷን ስትሰድብ ከረመች። በዚህ ሳምንትማ ሁለት ጊዜ ኪዮስኩ ፊት ቆማ ተመልሳለች። ባለ ኪዮስኩ ሳትጠይቀው የድሮ ሲጋራዋን ከመደርደሪያው አውርዶ ነበር፤ በሦስተኛው እንደማትመለስ ታውቀዋለች።

የአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሌላ የቬፕ ሱቅ እንዳለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ዛጎርካም ታውቃለች፤ ግን አበልጅ ሱቅ ያለው ሰው ሌላ ሱቅ አይገባም፤ አይደረግማ። አበልጅህ ጫማ ሰፊ ከሆነ ቢጠብህም እሱ የሰፋውን ነው የምታደርገው፤ ጠበበኝ ብለህ ሌላ ጋ ብትሄድ በማግስቱ ወሬው ገበያውን ሞልቶት ታገኘዋለህ። እሷም አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ልጠይቅ ብላ አላሰበችም። ዛሬ ግን እግሯ ራሱ ወሰዳት። በሩን ስትከፍት ዙሪያዋን ገልመጥ አለች፤ ባሏን ትታ ሌላ ሰው ቤት የምትገባ ነው የመሰላት።

ባለሱቁ ጺሙ ደረቱን የሸፈነ ወፍራም ጎልማሳ ነው፤ ባንኮኒው ላይ አይብ ያለው ትኩስ ቂጣ በወረቀት ዘርግቶ እየበላ ነበር። እጁን ጠርጎ ቬፗን ተቀበላት፤ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ ቆለፋውን ፈታ፤ ብልቃጡን ፈትቶ የውስጧን ሽቦ አወጣና በመብራት አያት። ጥጡ ጠቁሯል።

«ወይ እናቴ! ይሄን ሲስቡ ነው የከረሙት?» አለ። «እንዴት ጉሮሮዎ ተረፈ?» ማጉያ መነጽር አምጥቶ ሰጣትና በጥፍሩ አሳያት፤ ብረቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ተቀርጿል፤ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዋት፣ ሽቦው የሚችለው ግለት። «ይቺ እንግዲህ ምንም ተአምር የላትም። ሽቦ አለ፣ ዙሪያውን ጥጥ አለ። ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሽቦው ያግለዋል፣ ይተናል። ጥጡ ሳይጠግብ ካጋሉት፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ካጋሉት፣ የሚያጨሱት ጥጡን ነው። ሃያ ስምንት ላይ ማን አወጣብዎ? ጠላት አለብዎ እንዴ?»

«አበልጄ ነው» አለች ዛጎርካ።

ሰውዬው የጎረሰውን ማኘክ አቆመ።  አዲስ ሽቦ ከመሳቢያ አወጣ፤ ለሷ ሳይሆን ለባንኮኒው እንደሚያወራ ሰው አንገቱን ደፍቶ አስረዳት። አዲስ ሽቦ ሲገባ ጥጡ በሚታይባት ቀዳዳ ሁሉ አንዳንድ ጠብታ። ከዚያ ብልቃጡን ሞልቶ ከድኖ አሥር ደቂቃ ማስቀመጥ፤ ማንም ቢቸኩል፣ ቤት ቢቃጠል፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ከአሥራ ሁለት መጀመር፤ ስስ ከሆነባት አንድ አንድ እያለች መውጣት፤ ጣፋጩ የመጣበት ቦታ ላይ መቆም። ከዚያ በላይ ስግብግብነት ነው አለ። አከታትላ እንዳትስብ፤ በሁለት ስበት መካከል ጥጡ ይጠጣ። ብልቃጡም ከግማሽ በታች እንዳይወርድ።

«አሳሳቤስ?» አለች ዛጎርካ። «ጥፋቱ አሳሳቤ ነው ይሉኛል።»

«እስቲ ሳይጫኑ ይሳቡ፣ ልይዎት።»

ሳበች። ስድስት ሳምንት መስታወት ፊት እንደተለማመደችው፣ ቀስ አድርጋ፣ ሦስት እስኪቆጠር።

«ምን አለው ይሄ?» አለ። «እኔም እኮ እንዲሁ ነው የምስበው።»

ዛጎርካ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። አልቅሺ አልቅሺ ሲላት እንዲህ ነው የምታደርገው። ሰውዬው አዲሱን ሽቦ ልግጠምልዎ ሲላት «አይ፣ ይቆይ፤ አሮጌዋን እንደነበረች ይመልሱልኝ፤ ቁጥሩም ሃያ ስምንት ላይ ይሁን። የምቀይረው ቤቴ ነው» አለችው። ግራ ገብቶት እንዳለችው አደረገ። የሽቦዋ ዋጋ ሦስት መቶ ዘጠና ዲናር ነው። ቪቶሚር ለአበልጄ ብዬ ነው እያለ በአራት መቶ ሰማንያ ነበር የሚሸጥላት። ይሄንንም ሰማች፤ ግን እንደ ሳቃቸው አላመማትም።

አራተኛ ፎቅ ድረስ በዚያ እግሯ ደረጃውን ስትወጣ የሥጋውና የጎመኑ ሽታ ከሁለተኛው ፎቅ ተቀበላት። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ከጎረቤት የተዋሱትን ጠረጴዛ ከራሳቸው ጋር ገጥመው ነጭ ጨርቅ አልብሰውታል፤ ከላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል፣ ከሥሩ ገና ያልበራ ጧፍ፣ በስኳርና በለውዝ የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ፣ ራዶሳቭ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ያስባረከው ዳቦ። በረንዳው ላይ ቀይ ቃሪያ በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ራዶሳቭ ሸሚዙን እጅጌውን ጠቅልሎ ሥጋውን በሰሃን እየደረደረ ያፏጫል። ደግ ፊት ነው ያለው፤ ሁልጊዜም ደግ ፊት ነው ያለው። ሽቦውን ገዛሽ ወይ አላት። ገዛሁ አለችው። አበልጃችን ምን አለ አላት። ምንም አለች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ሠሩ። እሷ በጎመን የተጠቀለለውን ሥጋ ታማስላለች፤ እሱ ከጀርባዋ አልፎ ጨው ያነሳል፤ ወገቧን ነካ ያደርግና «ይቅርታ ልለፍ» እንኳ ሳይል ያልፋል። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ነው ያለፈው። ዛሬ ግን እጁ በነካት ቁጥር ሰውነቷ ይኮማተራል፤ እሱ አላወቀም። ሊጠይቀኝ ነው፣ አሁን ዞሮ ምን ሆንሽ ሊለኝ ነው እያለች ጠበቀች። ቢጠይቃት ሁሉንም ትነግረው ነበር፤ ምናልባትም ይቅር ትለው ነበር። አልጠየቃትም። ስለ እግር ኳስ ውጤት ከራሱ ጋር ያወራ ጀመር።

ልጃቸው ኔቬና ከኒሽ ከተማ በአውቶቡስ መጣች፤ ኮቷን ሳታወልቅ እናቷን አቅፋ «እማዬ፣ ጉሮሮሽ ተዘጋ እንዴ? ድምፅሽ ሻክሯል» አለቻት። «ከሲጋራው ነው» ብሎ ራዶሳቭ ከወጥ ቤት መለሰላት። ዛጎርካ የልጇን ኮት ተቀብላ ሰቀለች። ከዚያ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ብላጎዬ ከሚስቱ ከስታና ጋር መጣ፤ ሁለት የራዶሳቭ የድሮ የሥራ ጓደኞችም ተከተሉ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ቪቶሚር ደረሰ፤ ሚስቱ የልጅ ልጅ ልትጠብቅ ወደ ቪየና ከተማ ሄዳለችና ብቻውን ነው፤ አንድ ጠርሙስ ወይንና በብር ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት ይዟል። ዛጎርካ የንፍሮውን ሰሃን ይዛ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ማንኛውም እንግዳ መጀመሪያ ከንፍሮው ይቀምሳል፤ አበልጅ ደግሞ ከሁሉ ይከበራል። አማተበ፣ ማንኪያውን አነሳ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ፤ ያየው ንፍሮውን ብቻ ነው። «ሱቅ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ» አላት አንገቱን ደፍቶ። «መጥቼ ነበር» አለችው። ማንኪያው አፉ ውስጥ ትንሽ ቆየ።

ከጧፉ ሥር፣ በጠረጴዛው ራስ ላይ አስቀመጡት። ራዶሳቭ እንደ ደንቡ አልተቀመጠም፤ ባለ ዝክር በዓሉ እስኪያልቅ ቆሞ ነው የሚያስተናግደው፤ የፕሪም አረቄውን ይዞ ከወንበር ወንበር ይዞራል። በላን፣ ጠጣን፣ ጠገብን ተባለ፤ የተጠበሰው አሳማ ተመሰገነ፣ የቃሪያው ድልህ ተመሰገነ፣ የማገዶ ዋጋ ተረገመ። ብላጎዬ ሲጋራውን ለኮሰ። ከዚያ የራዶሳቭ ጓደኞች ለኮሱ። ጭሱ ጠረጴዛውን አልፎ ዛጎርካ ሰሃን ይዛ የቆመችበት ድረስ መጣ። አቤት ያ ሽታ!  ፓኮው እዚያው፣ እጇን ብትዘረጋ የሚደርስበት፣ የብላጎዬ ክርን አጠገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። አንድ ብታነሳ የሚከለክላት የለም፤ «ያው፣ አልቻለችም» ይባላል፣ ነገሩ ያልቃል፤ እግሯም አብሮ ያልቃል። የዶክተሯ ቃል ትዝ አላት፤ ሰሃኑን አስቀመጠች።

«አበልጄ፣ ተማሪዬ!» አለ ቪቶሚር። አረቄው ጉንጩ ላይ ወጥቷል፤ የጠዋቱ እፍረቱም ጠፍቶ ነበር። «እንዴት ነው፣ ተስማማሽ?»

«ያቃጥለኛል» አለች።

«እንደ ውኃ ፓምፕ እየጎተትሽዋ!» ጠረጴዛው ሳቀ። ስታና አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ራዶሳቭ ጠርሙሱን እንደያዘ «እሷማ ስትቀቅልም እንዲሁ ናት፣ እሳቱን ሁልጊዜ ጫፍ ነው የምታደርሰው» አለና ከሁሉም አብልጦ ሳቀ።

ዛጎርካ ከሽርጧ ኪስ ቬፑን አወጣች። ጠረጴዛው ላይ፣ በቪቶሚር ሰሃን አጠገብ አስቀመጠችው። «እስቲ አሳየኝ፣ መምህሬ። እንዴት እንደሚሳብ በሰው ፊት አሳየኝ።»

«ኧረ እኔ...»

«አንዴ ብቻ። እኔ ደነዝ ነኝ፣ አይቼ ካልሆነ አይገባኝም።»

ሰው ሁሉ አየው፤ እምቢ የሚልበት መንገድ አጣ። አነሳው፣ ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ ተጫነ፤ ሽቦው ተንጫጫ። ዓይኑ ወዲያው ውኃ ሞላ፤ አንገቱ ላይ ያሉት ሥሮች ተገተሩ፤ ሳሉን እንደ ምንም ዋጠው። ዛጎርካ ጠበቀች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ልቧ ግን ይለምነው ነበር፤ በል እንጂ፣ አንድ ጊዜ ተቃጥሏል በል፣ የኔ ጥፋት ነው በል፣ አበልጄ አይደለህም እንዴ እያለ። ቪቶሚር ቬፑን አስቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምንም የለውም» አለ። «ደህና ነው።»

«አሁን አንተ፣ ራዶ።»

«እኔ? እኔ እኮ ከተውኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው!»

«በየቀኑ ታስተምረኝ የለም እንዴ? ሳብ።»

ጠርሙሱን አስቀምጦ ሳበ። እሱ ሳሉን መዋጥ አልቻለም፤ ጎንበስ ብሎ ሳለ፣ ሳለ፣ ፊቱ እንደ በረንዳው ቃሪያ ቀላ። ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ሚስቱን አይደለም፤ ጠረጴዛው ራስ ላይ የተቀመጠውን ቪቶሚርን ነው ያየው፤ ቪቶሚርም እሱን። «ደህና ነው» አለ ራዶሳቭ በተዘጋ ድምፅ። «ስላልለመድሽው ነው እንጂ ደህና ነው።»

ይኼኔ ዛጎርካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መነጽሯን አደረገች፤ ብልቃጡን ፈታች፤ የጠቆረውን ሽቦ አውጥታ በነጩ ጨርቅ ላይ፣ በሁለቱ ሰዎች መሐል አኖረችው። ከሽርጧ ኪስ አዲሱን አወጣች። በየቀዳዳው አንዳንድ ጠብታ ፈሳሽ አደረገች፤ አንዷ ጠብታ ጨርቁ ላይ ፈሰሰች። ሞላችው፣ ገጠመችው፣ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች፤ ቪቶሚር ይሄን ሲያይ አረቄውን ሊያነሳ የዘረጋው እጁ ተመለሰ። ቁጥሩን አንድ በአንድ አወረደችው። ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስድስት፣ እያለች አልቆጠረችም፤ ቁልፉ ግን ይንቋቋል፤ ሁሉም ይሰማል። አሥራ ሁለት ላይ ቆመች። «አሁን አሥር ደቂቃ ይጠጣል» ብላ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

አሥር ደቂቃ ረጅም ነው። ብላጎዬ ስለ አየሩ አንድ ነገር ጀምሮ ተወው። ኔቬና ከጨርቁ ላይ አሮጌውን ሽቦ አነሳችና አሽታው ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ወደ መስኮት አቅርባ ብረቱ ላይ የተጻፈውን ደቃቅ ፊደል አነበበች። ቅድም ሃያ ስምንት ሲበራ አይታለች። ልጅቷ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ቁጥር አይጠፋትም። «እማዬ፣ ይሄን ማን ነው እዚያ ድረስ ያወጣው?» አለች። ዛጎርካ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ኔቬና የክርስትና አባቷን አየች። እሱ የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ እየሰበሰበ ነው። አባቷን አየች። እሱ ማንም ያልጠየቀውን አረቄ ሞልቶ የነበረ ብርጭቆ ላይ ሊቀዳ ሄደ። ጎረቤቷ ስታና ገብቷት ይሁን ሳይገባት «እግዜር ያውቃል» አለች። 

ጊዜው ሲደርስ ዛጎርካ አነሳችውና ሳበች። አሳሳቧን አልቀየረችም። ስስ ነው፤ አንድ ጨመረች፣ ሁለት ጨመረች። አሥራ አምስት ላይ አፏ ውስጥ አንድ ነገር ተከፈተ። ጣፋጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ጉሮሮዋን ዳስሶ አለፈ እንጂ አልቧጨረም። ቀስ አድርጋ አስወጣችው።

«ኮክ ነው» አለች።

ከዚያ ዕንባዋ መጣ። ደስታ እንዳይመስላችሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ኮክ ነበረ ለካ! እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ግን በየቀኑ እሳት አድርገው አጎረሷት፤ እሷም ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ዋጠችው። በሽርጧ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። የፈለገችው ሲጋራ ሳይሆን አየር ነበር። የብላጎዬን ፓኮ አይታ አላየችውም፤ የዚያ ነገር ጉዳይ ለጊዜውም ቢሆን አልቋል።

ቪቶሚር ተነሳ። ሱቁን ሳልቆልፍ መጥቻለሁ መሰለኝ አለ፤ ማንም ቆይ አላለውም። ኮቱን አንዱን እጅጌ ብቻ አጥልቆ ወጣ። ራዶሳቭ «ልሸኝህ» ብሎ ተከተለው፤ በሩን ከፈት አድርጎ ትቶታል። ዛጎርካ የተነሳውን ሰሃን ለመሰብሰብ ወደ በሩ ወገን ሄደች፤ ደረጃው ባዶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ ሹክሹክታም ቢሆን።

«ያልከኝን ነው ያደረግሁት፣ ራዶ» ይላል ቪቶሚር። «በሰው ፊት አዋረደችኝ።»

«አውቃለሁ፣ አበልጄ፣ አውቃለሁ። ሲጋራ ካቆመች ወዲህ ቁጡ ሆናለች፣ አትቀየማት። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ። በልጄ ክርስትና ይሁንብህ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»

ይቅርታ! ዛጎርካ ሰሃኖቹን እንደያዘች ቆመች። ሠላሳ አራት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ኖራለች፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። መናገር የማይችለው ዓይነት ሰው ነው ብላ ነበር የምታስበው፤ አንዳንድ ወንድ እንዲህ ነው፣ አፉ አይፈታለትም፣ ብላ ለራሷ ስታስረዳ፣ ለልጇም ስታስረዳ ነበር የኖረችው። ይኸው ተፈታለት። እንዴት አምሮበታል! ሳይንተባተብ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ፣ በልጃቸው ክርስትና እየማለ።

ሰሃኖቹን ጫማ ማስቀመጫው ላይ አኖረች። በዚያ ከተማ በዝክር ቀን በር አይቆለፍም። ጠላትህ ቢመጣ ይገባል፣ መንገደኛ ቢመጣ ይገባል፤ ባለ ዝክሩማ ባለቤቱ ነው፣ ጧፉም የሚበራው በሱ ስም ነው። ዛጎርካ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው፤ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው።

ወደ ሳሎን ተመለሰች። በጠረጴዛው ራስ ላይ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ እዚያ ተቀመጠች። በጎመን የተጠቀለለውን ሥጋ ወደ ራሷ ሳበችና ሦስት አወጣች፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። የበሩ እጀታ ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ከዚያ መንኳኳት ጀመረ፤ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ በመዳፍ። «ዛጎርካ!» አለ ራዶሳቭ ከውጭ። ብላጎዬ ሲጋራውን አጠፋ። ኔቬና ልትከፍት ከወንበሯ ተነሳች።

«ተቀመጪ» አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ተቀመጠች፤ ዳቦውንም ለእናቷ አቀበለቻት።